የሽመላው ክንፍና የጠዋቱ ደንበኛ

ጋብሮቮ ከተማ ውስጥ ዶንካን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ ጫማው ተቀዶ አያውቅም። ቁመቷ አጠር፣ ድምፅዋ ጎላ ያለ፣ ስትስቅ ከሦስተኛ ፎቅ እስከ ዳቦ ቤቱ የሚሰማላት ሴት ናት። ብዙ ነገር አታምንም። ፖለቲከኛ አታምንም፣ የአየር ትንበያ አታምንም፣ ባሏ ራሽኮ «ነገ አስተካክለዋለሁ» ሲላትማ ፈጽሞ አታምንም። በአንድ ነገር ግን ከቄሱ በላይ ታምናለች፤ በሴፍቴ።

ሴፍቴ የቀኑ የመጀመሪያ ሽያጭ ነው። የዶንካ እናት ገበያ ውስጥ ቃሪያና ቲማቲም ስትሸጥ የኖረች ሴት ነበረች፤ የጠዋቱን የመጀመሪያ ደንበኛ በምንም ምክንያት ባዶ እጁን አትሸኝም። የፈለገውን ይጠይቅ፣ ትሰጠዋለች። ዋጋ አትቆልልበትም፤ አትከራከረውም። ከዚያ ገንዘቡን ፀጉሯ ላይ አሸት አሸት ታደርግና መቀነቷ ውስጥ ትሸጉጠዋለች። «የመጀመሪያውን የመለሰ ቀኑን ሙሉ ዝንብ ሲያባርር ይውላል» ትል ነበር። በዚህ ሕግ አምስት ልጆች አሳድጋለች፤ ስለዚህ ዶንካ ሕጉን ልትጥሰው ቀርቶ ልትጠራጠረውም አትደፍርም።

ዶንካ ራሷ የኖረችው ግን ቃሪያ ስትሸጥ ሳይሆን ቆዳ ስትበሳ ነው። ከትምህርት ቤት እንደወጣች ጫማ ፋብሪካ ገባች፤ ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስም የጫማ ፊት ስትሰፋ ቆየች። ሲዘጋ ሆስፒታሉ ላውንደሪ ውስጥ አንሶላ ማጠብና መተኮስ ያዘች። ሥራ ሥራ ነው፤ ትንሽ ትልቅ የለውም። አንሶላ ግን ምንም ያህል አሳምረሽ ብትተኩሺው «እጅሽ ይባረክ» አይልም።

ወደ ፊልምና ጨዋታ አድናቂዎች ባዛር የወሰደቻት የጎረቤቷ ልጅ ኢስክራ ናት። ኢስክራ ፀጉሯን ሰማያዊ ቀለም የምትቀባ፣ የደረቀ አበባ በሚያብረቀርቅ ሙጫ ውስጥ አድርጋ ጉትቻ የምትሠራ ወጣት ናት። አንድ ቀን የተቀደደ የቆዳ ክንድ መሸፈኛ ይዛ መጣችና «እትዬ ዶንካ፣ ይቺን ብቻ ስፊልኝ፣ ለባዛር ነው» አለቻት። ዶንካ የድሮውን ፈትታ አዲስ ሰፋችላት። በሳምንቱ ኢስክራ የጓደኞቿን ትእዛዝ ይዛ ተመለሰች። ብዙም ሳይቆይ ዶንካ ራሷ ዕቃዋን በሻንጣ ይዛ ከኢስክራ ጎን ተሳፈረች።

በዚያ በመጀመሪያው ቀን የባዛሩ አዳራሽ በር ላይ ቆማ አማተበች። ጢሙ ደረቱ ላይ የደረሰ ሰውዬ የቀበሮ ጅራት ተክሎ ቡናውን ይጠጣል። ሁለት ጎረምሶች የለበሱት የካርቶን ጥሩር በመጸዳጃ ቤቱ በር አላስገባ ብሏቸው ይገፋፋሉ። ቀንድ ያበቀለች ነፍሰ ጡር «እባካችሁ ወንበር» ትላለች። እያንዳንዱ ከሚወደው ጨዋታ፣ ከሚወደው ተከታታይ ፊልም ወይም ከሥዕል መጽሐፍ የወጣ ፍጡር ሆኖ ነው የመጣው። «እነዚህ ሰዎች አብደዋል» አለች ዶንካ። እስከ ምሳ ሰዓት ግን አብራቸው አበደች። አንዲት ልጃገረድ ክንድ መሸፈኛውን አንስታ ገለበጠችው፣ ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰችና «ይሄን ማን ነው የሠራው?» ብላ ጠየቀቻት። ዶንካ ያን ሁሉ ዘመን ጫማ ስትሰፋ ማንም ጫማውን አንስቶ ማን ሠራው ብሎ አያውቅም። «እኔ» አለች። ያን ቀን ደስታዋን የምታስቀምጥበት ቦታ አጣች።

ከዚያ ወዲህ ጅራት፣ ቀንድ፣ ጭምብል፣ ጆሮ፣ የወገብ ቦርሳ፣ ምኑ ቅጡ፣ ያልሠራችው የለም። ማእድ ቤቷ የአራዊት ጉባኤ መሰለ። ባሏ ራሽኮ ጠዋት ፊቱን ሊታጠብ ሲነሳ የተኩላ ፊት መስኮቱ ላይ ተሰቅሎ ያገኘዋል።

ስለ ራሽኮ ትንሽ ልበል። ጋብሮቮ የቆጣቢዎች ከተማ ናት፤ ራሽኮ ደግሞ ጋብሮቮዎች ራሳቸው «ኧረ እሱስ አበዛው» የሚሉት ሰው ነው። የተፈላ ሻይ ቅጠል አድርቆ ለነገ ያስቀምጣል። መንገድ ላይ ሰው ሲያገኝ «ደህና» ብቻ ብሎ ያልፋል፤ «አደርክ»ን ለሌላ ቀን ይቆጥባታል። ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ደግ ነው፤ ግን ደግነቱን እንደ ገንዘቡ ቋጥሮ ነው የሚይዘው። የሚስቱንም ባዛር «ጨዋታሽ» እያለ ነበር የሚጠራው። «ጨዋታሽ መቼ ነው? ጨዋታሽ ላይ ስንት ቀን ትቆያለሽ?»

በዚያ ክረምት የላውንደሪው አስተዳዳሪ ወይዘሮ ኔዳ ዶንካን ጠርታ የፈረቃው ኃላፊ እንድትሆን ጠየቀቻት። ደመወዙ ደህና ነው፤ ጡረታ አለው፤ መተኮሻው ላይም መቆም አይኖርም። ነገር ግን ቅዳሜና እሑድ ሥራ ነው። ባዛር ደግሞ ቅዳሜና እሑድ እንጂ ሌላ ቀን የለውም። አንዱን ከያዘች ሌላው ቀረ ማለት ነው።

«ኧረ ተይ አንቺ ሴትዮ» አላት ራሽኮ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ።»

«ቆጡ ላይ ምን እንዳለ አይተህ ታውቃለህ?»

«ጅራት ነው ያለው። ሌላ ምን አለ?»

ብዙ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ መሐል መንገድ ላይ ተገናኙ። በፀደይ ፕሎቭዲቭ ከተማ ላይ የሚደረግ ትልቅ የአድናቂዎች ባዛር አለ። እዚያ እሑድ እኩለ ቀን ላይ ዳኞች ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞሩ፣ እያንዳንዱ ባለሙያ ያቀረበውን አንድ ሥራ አይተው ምርጡን ይመርጣሉ። ያሸነፈ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ማኅበሩ በሚያዘጋጃቸው ባዛሮች ሁሉ መግቢያው ፊት ለፊት ጠረጴዛ በነፃ ያገኛል። ጠረጴዛ በዕጣ በሚገኝበት ሙያ ይህ ማለት የዓመት እንጀራ ነው።

«እሺ» አለ ራሽኮ፤ «ሽልማቱን ካገኘሽ ላውንደሪው ይቅር። ካላገኘሽ ለኔዳ እሺ ትያታለሽ፤ ሁለተኛ ይሄ ነገር በዚህ ቤት አይነሳም። ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው። ያንተስ?»

«የእኔም።»

ባልና ሚስት እንደ በሬ ነጋዴ ተጨባበጡ። ወይዘሮ ኔዳም «እሑድ ከሰዓት ደውዬ መልስሽን እጠይቅሻለሁ» ብላ ለባዛሩ እሑድ ቀጠሮ ያዘች።

ዶንካ ለውድድሩ ክንፍ ሠራች፤ የሽመላ ክንፍ። ነጭ ሆኖ ጫፉ ጥቁር፣ በቆዳ ጠፍር ትከሻ ላይ የሚታሰር፣ በእጅጌ ውስጥ የተደበቀች ገመድ ሲስቧት ወለል ብሎ የሚዘረጋ። የዝይ ላባውን ያመጣው ራሽኮ ነው፤ መንደር ካለችው እህቱ በነፃ። በሳሙና ያጠበውም፣ በትራስ ልብስ ውስጥ አድርጎ ያደረቀውም እሱ ነው። እያጉረመረመ። አጥንቱን ደግሞ ዶንካ ከራሽኮ አሮጌ ጃንጥላ ሽቦ ሠራችው፤ ሳትነግረው። ነገሩን ሲያውቅ ሁለት ቀን አላናገራትም። በሦስተኛው ቀን መጥቶ ክንፉ አንድ ጎኑ እንደሚያነክስ አየና «የግራው መገጣጠሚያ ዘይት ይፈልጋል» ብሎ ራሱ ቀባው።

ክንፉ ሲያልቅ ዶንካ ኢስክራን ጠርታ አለበሰቻት። ኢስክራ ገመዷን ሳበች። ክንፉ ተዘርግቶ ከማእድ ቤቱ ግድግዳ እስከ ግድግዳ ደረሰ፤ አንድ ሲኒ ከመደርደሪያው ወርዶ ተሰበረ። ራሽኮ ስለ ሲኒው ምንም አልተናገረም። ያኔ ነው ዶንካ «ይሄ ነገር ያሸንፋል» ብላ በልቧ የያዘችው።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱም በራሽኮ አሮጌ መኪና ተራራውን አቋርጠው ፕሎቭዲቭ ገቡ። ራሽኮ የመጣው ዕቃ ሊሸከም ነው፤ አውቶቡስ ለሦስት ሰው ከሚያስከፍለው ቤንዚኑ እንደሚረክስ አስልቶ ነው። ዶንካ ጠረጴዛዋን አነጠፈች፣ ጅራቶቹን ደረደረች፣ ክንፉን ከኋላዋ ከፍ አድርጋ ሰቀለች። የኢስክራ ጠረጴዛ ከጎኗ ነው። ማሳያ እንዲሆን ዶንካ ራሽኮ ጭንቅላት ላይ የጥንቸል ጆሮ ደፋችለት። «ለስንት ሰዓት ነው?» አለ። «እስኪሸጥ» አለችው።

«እትዬ ዶንካ፣ ክንፉ ላይ ‹አይሸጥም› ብለሽ ጻፊበት» አለች ኢስክራ።

«ቆይ፣ ሴፍቴ ልሽጥና።»

«አሁን ጻፊው! ምን ይሆናል?»

«ገና ሰው ሳይመጣ፣ ገና አንድ ነገር ሳልሸጥ ጠረጴዛዬ ላይ ‹አይሸጥም› ብዬ ልለጥፍ? ዕድሌ ላይ ልትፋ? ኧረ ልጅ ነሽ አንቺ። አንድ ጆሮ፣ አንድ ጅራት ይሸጥ፤ ከዚያ እጽፋለሁ።»

እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሠራው የገበያ ሴት ልጅ ብቻ ነው። ኢስክራ ትከሻዋን ነቀነቀችና ጉትቻዎቿን ወደመደርደር ተመለሰች።

በሩ ተከፈተ። ሰው መጉረፍ ጀመረ፤ ግን ሁሉም መጀመሪያ ዞሮ ማየት ነው የሚፈልገው። ዶንካ ጠረጴዛ ጋ ቀድሞ የቆመው የሰማይ ስባሪ የሚያህል ሰውዬ ነው። ሰማያዊ ኮት፣ ክራቫት፣ ኮፍያ። ከኋላው አንዲት ቀንዳም ልጅ ሮጣ መጣችና «ልብስህ ግሩም ነው! ከየትኛው ተከታታይ ነህ?» አለችው።

«ከቡርጋስ» አለ ሰውዬው። «አውቶቡስ ነጂ ነኝ።»

«አይ! እውነተኛ ነህ?» ብላ አብራው ፎቶ ተነስታ ሄደች።

ሰውዬው ዴልቾ ይባላል። በየዓመቱ አንድ አውቶቡስ ሙሉ አድናቂ ከቡርጋስ ከተማ ያመጣል፤ እስኪጨርሱ መኪናው ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል፤ ማታ ይዟቸው ይመለሳል። ዘንድሮ ግን መንገድ ላይ ሲያፌዙበት መጡ። «ዴልቾ ሁሌ ዴልቾን መስሎ ነው የሚመጣው» አሉት። ሳቁበት። እሱም ጆሮ ወይም ጅራት ገዝቶ አፋቸውን ሊያስይዛቸው ነበር የገባው። ይህንን እየተረከ ጅራቶቹን ሲያገላብጥ ድንገት ቀና አለ። ክንፉን አየ።

«ይሄ… ሽመላ ነው አይደል?»

«ነው» አለች ዶንካ።

«በነሐሴ ከቡርጋስ ስወጣ በላዬ ያልፋሉ። ሰማዩ ይሞላል። አንዳንዴ መኪናውን ዳር አስይዤ እቆማለሁ፤ ተሳፋሪው ይጮህብኛል። ምን ላድርግ?» እጁን ዘርግቶ ላባውን በአንድ ጣት ነካው። «ስንት ነው?»

ኢስክራ ከጎን የዶንካን ክንድ ቆነጠጠቻት። ዶንካ ወደ ክንፉ ዞረች። እናቷ ታየቻት፤ ቃሪያዋን በሁለት እጇ ዘግና ለመጀመሪያው ሰው ስትሰጥ። ላውንደሪው ታያት፤ እንፋሎቱ፣ የቅዳሜ ጠዋት አንሶላ። ያኔ ማንም ያልጠበቀው ሰው ተናገረ።

«አይሸጥም!» አለ ራሽኮ።

ዶንካ ዞር ብላ አየችው። የጥንቸል ጆሮ እንደደፋ ከወንበሩ ተነስቷል፤ ፊቱ ቀልቷል። ክንፉ ተሸጦ ውድድሩ ቢቀር ተረቺዋ እሷ እንጂ እሱ አይደለም። ነገሩ ለእሱ የሚበጅ ነበር። ደግሞስ በዕድሜው «ሽያጭ ይቅር» ሲል ማን ሰምቶት ያውቃል?

«ራሽኮ፣ ቁጭ በል» አለች ቀስ ብላ።

«ለነገ ነው ክንፉ! ለውድድሩ ነው! ንገሪው እንጂ!»

«ኧረ ከሆነስ ይቅር፣ እትዬ» አለ ዴልቾ፣ ኮፍያውን አውልቆ። «እኔ አንድ ጆሮ ይበቃኛል።»

ዶንካ ግን ዋጋውን ነገረችው። አላስወደደችበትም፤ ሕጉ ሕግ ነው። የምትናገረውን ስትሰማ ራሷ ደነገጠች፤ ከአፏ ከወጣ በኋላ ግን ልቧ ቀለል አላት። ዴልቾ ከፈለ። ዶንካ ገንዘቡን ፀጉሯ ላይ አሸት አሸት አደረገች፣ ለዕድሉ መሬት ጣል አድርጋ አነሳችውና ኪሷ ከተተች። ኢስክራ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ራሽኮ «ቁርጥ እናትሽን» ብቻ አለ።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ክንፉ የተለካው በኢስክራ ትከሻ ነበር። ኢስክራ ሽቦ ናት፤ ዴልቾ ደግሞ በርሜል። ጠፍሮቹ ደረቱ መሐል እንኳ አልደረሱም።

«ቁም እዚያው» አለች ዶንካ። የመሣሪያ ጥቅልሏን ዘረጋች፤ ወስፌ፣ መቀስ፣ በሰም የታሸ ክር። በገመድ ትከሻውን፣ ብብቱን፣ ጀርባውን ለካች፤ በየቦታው ቋጠሮ አደረገች፤ ጫማ ፋብሪካ እንደተማረችው። «ቆዳ አነሰኝ። ራሽኮ፣ ቀበቶህን።»

«ሱሪዬስ?»

«እጅህ ምን ይሠራል?»

ቆመው የነበሩ ሰዎች ሳቁ። የሳቁን ሰምተው ሌሎች መጡ። ራሽኮ በአንድ እጁ ሱሪውን፣ በሌላው ጥንቸል ጆሮውን ይዞ ቀበቶውን አቀበላት። ዶንካ ቆረጠች፣ በሳች፣ ሰፋች። ዴልቾ እንደሚላጭ ሰው ቀጥ ብሎ ቆመ። «እትዬ፣ ይኮረኩረኛል!» ሲል ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። የሕዝቡ ጫፍ እስከ አዳራሹ መሐል ደረሰ፤ ከኋላ ያሉት «ምንድን ነው?» ሲሉ ከፊት ያሉት «ሰውዬውን ክንፍ እያበቀሉለት ነው» ይላሉ።

የመጨረሻውን ክር በጥርሷ በጠሰችና «ሳብ» አለችው።

ዴልቾ ሳበ። ክንፉ ወለል ብሎ ተዘረጋ፤ ነጭ፣ ትልቅ፣ በዚያ ሰፊ ጀርባ ላይ ሲሆን ኢስክራ ላይ ከታየው በእጥፍ አማረ። አዳራሹ ጮኸ። ዴልቾ ዞሮ አያትና ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ከዚያ እንደ ልጅ እየሮጠ ወደ ቡርጋስ ሰዎች ሄደ። ከሩቅ የእነሱ ጩኸት ተሰማ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ኢስክራ ዛሬም ድረስ ስታወራ ትንፋሽ ያጥራታል። ሰው ጠረጴዛውን ወረረው። «ለእኔም በልኬ! ይሄ ጅራት ወገቤ ላይ ይስተካከል! ቀንዱ ያመኛል፣ ፈታ አድርጊልኝ!» ሌላው ሻጭ ሁሉ ዕቃውን ተሠርቶ ያለቀ ነው የሚያቀርበው፤ የሆነለት ይገዛል፣ ያልሆነለት ያልፋል። ዶንካ ግን ሰውን አቁማ በገላው ላይ ትሠራለች። ምሳ አልበላችም፤ ኢስክራ ባኒጻ ከሚሉት የአይብ ቂጣ አፏ ውስጥ እየወረወረች አጎረሰቻት። ጅራት አለቀ። ቀንድ አለቀ። ጭምብል አለቀ። በመጨረሻ አንዲት ሴትዮ የራሽኮን ጭንቅላት አየችና «ጆሮውስ?» አለች። ዶንካ ከባሏ ራስ ላይ መንጭቃ ሸጠችላት።

«እኔን ብቻ እንዳትሸጪኝ» አለ ራሽኮ።

«ገዢ ካለ አስብበታለሁ።»

ሴፍቴ ሠራ። ግን ከልክ በላይ ሠራ። ሲመሻሽ ጠረጴዛው ላይ የቀረው ጨርቁና የቆዳ ብጥስጣሽ ነው። ለዳኞች የሚቀርብ አንድ ነገር አልነበረም።

«ዴልቾን ፈልገን ለነገ ብቻ አውሰን እንበለው» አለች ኢስክራ።

«አውቶቡሱ ወጥቷል። ደግሞስ የሴፍቴን ዕቃ መልስ ይባላል? ዝም በይ።»

ማታ የራሽኮ የአክስት ልጅ ቤት አደሩ። አዲስ ነገር እንዳትሠራ ቆዳ የለም፤ ላባም የለም። ራሽኮ በገመድ የታሰረ ሱሪውን አውልቆ ተኛ።

እሑድ ጠዋት ባዶ ጠረጴዛዋ ጋ ሄዳ ተቀመጠች። ወደ ቤት መሄድ ትችል ነበር፤ ግን ቦታዋን ጥላ የሸሸች መስሎ መታየቱን ጠላችው። እንዳጋጣሚ አንድ ጎረምሳ የጫማው ሶል ተላቆ እያነከሰ ሲያልፍ አየችው። «ና እስቲ ወዲህ» አለችው። ሰፋችለት። ቀጥሎ የተበጠሰ ማንገቻ መጣ፤ ቀጥሎ የተገነጠለ ጅራት። በሁለተኛው ቀን ሁሉም ነገር የሚበጣጠስበት ስለሆነ፣ ባዶው ጠረጴዛ ፊት ሰልፍ ተሠራ። ራሽኮ ከጎኗ ተቀምጦ ክሩን ሰም ይቀባል፣ በመርፌው ቀዳዳ ይሰካል፣ ተራ የሚያልፈውን «ጅራትህን ይዘህ ወደ ኋላ!» ይላል። ዶንካ የተሰፋውን ስታቀብል አሁንም ደስ ይላታል፤ ዳኞቹን ስታስታውስ ደግሞ በሩን በሩን ታያለች።

እኩለ ቀን ላይ ዳኞቹ መጡ። ሰብሳቢዋ ነጭ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ትልቅ ሴት ናት። ባዶውን ጠረጴዛ አየች፣ ሰልፉን አየች፣ ዶንካን አየች።

«ለውድድር ያቀረቡት ሥራ የታለ?»

«ትናንት ሸጥኩት።»

«ደንቡን ያውቁ ነበር? ሥራው ጠረጴዛው ላይ መገኘት አለበት።»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ሸጡት?»

«የቀኑ የመጀመሪያ ደንበኛ ነበር የጠየቀኝ።»

ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች። «አባቴ ሐብሐብ ነጋዴ ነበር» አለች። «አንድ ጠዋት የመጀመሪያው ደንበኛ ‹ጋሪውን ሽጥልኝ› ቢለው ጋሪውን ሸጦ ሐብሐቡን በእጁ አቅፎ ቤት ገባ። ገብቶኛል፣ እመቤቴ። ግን የማላየውን ሥራ መምረጥ አልችልም።»

«ልክ ነዎት» አለች ዶንካ። «እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምለው።»

ሽልማቱን የእንጨት ጉጉት የሠራ የሩሴ ከተማ ሰውዬ ወሰደ። ጉጉቱ ዓይኑን ያርገበግባል፤ በእውነቱ ቆንጆ ነበር፤ ዶንካም አጨበጨበች። ኢስክራ ግን ጠረጴዛዋ ሥር ገብታ አለቀሰች። ዶንካም አዘነች፤ ለምን ይዋሻል? በዚያች ሰዓት እጇ ላይ የነበረውን ቀይ የቀበሮ ጅራት ስትሰፋ እንባዋ ፀጉሩ ላይ ተንጠባጠበ። መሸጧ አላሳዘናትም። ያሳዘናት በሚቀጥለው ፀደይ ይህ አዳራሽ ሲሞላ እሷ አንሶላ የምታጥፍ መሆኗ ነው።

«ያው እንግዲህ» አለችው ራሽኮን፣ ሳታየው። «ቃል የእምነት ዕዳ ነው። ኔዳ ስትደውል እሺ እላታለሁ።»

ራሽኮ ክሩን ሰም መቀባቱን ቀጠለ፤ ከሚገባው በላይ ቀባው።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ዶንካ አንድ እጇ ጅራት ውስጥ፣ አንድ እጇ ወስፌው ላይ ነበር። የጅራቱ ባለቤት የሆነችው ልጅ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች፤ ከእሷ በስተኋላ ሰልፉ እስከ ምሰሶው ደርሷል። ራሽኮ ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ አነሳው።

«አቤት… አዎ፣ ኔዳ፣ ባሏ ነኝ። ደህና ዋልሽ?» ሙሉውን ነው ያለው፤ ምንም ሳይቆጥብ። «ዶንካን? አይ፣ አሁን ስልክ ማንሳት አትችልም። ሥራ ላይ ናት።»

ዶንካ ወስፌዋ ቆመ።

«እሑድ ቀን ምን ሥራ?» የሚለው የኔዳ ድምፅ ከስልኩ ቀጥኖ ወጣ።

«ሥራ ነዋ! ሰው ተሰልፏል፤ ጆሮሽን ብትሰጪ ትሰሚዋለሽ።»

«ታዲያ ኃላፊነቱን ትቀበላለች ወይ? መልስ ስጠኝ፤ ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው።»

ራሽኮ ዶንካን አያት። ዶንካ ከንፈሯን ነክሳ «እሺ በላት» አለችው በምልክት፤ ቃሏን ሰጥታለችና። ራሽኮ ጀርባውን አዞረባት።

«ለዚያ ለሌላው ሰው ስጪው፣ ኔዳ። እግዜር ይስጥልን፤ አስበሽልናል። ዶንካ ግን አይመቻትም። ቅዳሜና እሑድ ሥራ አላት።»

ስልኩን ዘግቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። የወር ደመወዝ በአንድ ትንፋሽ ሲጥል የመጀመሪያው ነው።

«ቃላችንስ?» አለች ዶንካ።

«ቃሉን የሰጠሽው ለማን ነው?»

«ላንተ።»

«እንግዲያው መልሼልሻለሁ» አለ ራሽኮ። «አሁን ወስፌውን ያዢ፤ ልጅቷ ጅራቷን እየጠበቀች ነው።»